መክሰስ የማይችለው መርማሪ፦ የአሜሪካ ኢንስፔክተር ጀነራሎች ሥልጣን ከየት እስከ የት ነው?

ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ዓርብ ምሽት፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ሳምንት ሳይሞላ፣ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ውስጥ የሚሠሩ 17 ያህል ኢንስፔክተር ጀነራሎች የስንብት መልእክት በኢሜይል ደረሳቸው። መልእክቱ አጭር ነበር። የአስተዳደሩ የትኩረት አቅጣጫ መለወጡን ይጠቅሳል እንጂ እገሌ ይህን አጥፍቷል አይልም። ከተሰናበቱት መካከል ስምንቱ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሴፕቴምበር ወር የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አና ሬየስ ስንብቱ ሕግ የጣሰ ነው ብለው ወሰኑ፤ በዚያው ውሳኔ ግን ሰዎቹን ወደ ሥራቸው አልመለሱም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕግ ተጥሷል ተብሎ ተበዳዩ የማይመለስበት ውሳኔ ለሰሚው ግራ ማጋባቱ አይቀርም። የተባረሩት የፖሊስ አዛዦች የሚመስሉት ሰው አለ፤ ዐቃቤ ሕጎች ናቸው የሚልም አለ። ፕሬዚዳንቱ ጨርሶ ሊነካቸው የማይችል ገለልተኛ ዳኞች አድርጎ የሚያያቸውም ብዙ ነው። ሦስቱም ትክክል አይደሉም። እነዚህ ሰዎች በየሚኒስቴሩ ውስጥ ተቀምጠው ያንኑ ሚኒስቴር የሚመረምሩ፣ ያዩትን የሚጽፉ፣ ከጻፉ በኋላ ግን ማንንም መክሰስም ሆነ መቅጣት የማይችሉ ባለሥልጣናት ናቸው። ጉልበታቸው ያለው ፋይል ከፍቶ በማየትና ያዩትን ሳይደብቁ በመጻፍ ላይ ነው። ስለዚህ በዙሪያቸው የሚነሣው ጠብ ሁሉ ተጠቅልሎ ሲታይ ሁለት ጥያቄ ይሆናል፦ ሰነዱን ማን ያያል? ወንበሩንስ ማን ይነጥቃል?

ስሙ የሚያሳስተው

"ጀነራል" የሚለው ቃል ለጆሯችን ወታደራዊ ማዕርግ ነው። እዚህ ግን "ጠቅላይ" ማለት ነው። አቶርኒ ጀነራልን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እንደምንለው ሁሉ፣ ኢንስፔክተር ጀነራልም የአንድ መሥሪያ ቤት ጠቅላይ ተቆጣጣሪ ነው። በፌዴራል መንግሥቱ ከ70 በላይ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች አሉ። የትልልቆቹን ሚኒስቴሮች ተቆጣጣሪዎች ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ የአነስተኞቹን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይም ቦርድ ይሾማል።

ቢሮው ሁለት ዓይነት ሥራ አጣምሮ ይዟል። አንዱ ኦዲት ነው፦ ገንዘቡ ለታለመለት ሥራ ዋለ ወይ፣ ፕሮግራሙ በወረቀት እንደተባለው ነው ወይ የሚሄደው ብሎ መዝገብ ማገላበጥ። ሌላው ምርመራ ነው፦ አንድ ሠራተኛ ጉቦ በላ፣ እስረኛ ደበደበ፣ ሰነድ አጠፋ ሲባል እውነቱን ማጣራት። ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹ መሣሪያ ይታጠቃሉ፤ በፍርድ ቤት ማዘዣ ተጠርጣሪ መያዝም ይችላሉ። ክስ መመሥረት ግን የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ከሥራ ማገድ፣ ደመወዝ መቁረጥ፣ ማባረር ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥልጣን ነው። ሕጉ ኢንስፔክተር ጀነራሉ የመሥሪያ ቤቱን የዕለት ተዕለት ሥራ እንዳይመራ ጭምር ይከለክለዋል፤ ራሱ ያዘዘውን ሥራ ራሱ መልሶ መመርመር ስለሚሆንበት ነው።

ለኮንግረስ ከሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ጋርም መምታታት የለበትም። ያ ተቋም ከ1921 ጀምሮ ያለ፣ ከውጭ ሆኖ መላውን አስፈጻሚ አካል የሚያይ ዋና ኦዲተር ነው። ኢንስፔክተር ጀነራሉ ግን የሚያየው አንድ ቤት ነው፤ የሚያየውም ከውስጥ ሆኖ ነው።

በሌለ ታንክ የተወሰደ ብድር

የቢሮው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1978 ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ካላወቅን ግን ሕጉ ለምን በዚያ መልክ እንደተጻፈ አይገባንም።

በ1962 ቢሊ ሶል ኤስቴስ የሚባል የቴክሳስ ነጋዴ ተያዘ። ሰውየው የአሞኒያ ማዳበሪያ ማጠራቀሚያ ታንኮችን በመያዣነት እያስያዘ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበደር ነበር፤ ከታንኮቹ አብዛኞቹ በወረቀት ላይ እንጂ በምድር ላይ አልነበሩም። በጥጥ እርሻ ኮታም ላይ ማጭበርበር ነበረበት፤ ይህኛው በቀጥታ የግብርና ሚኒስቴርን የሚመለከት ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ከማጭበርበሩ የከፋ ጉድ ወጣ። በሚኒስቴሩ ውስጥ ኦዲተሮችም መርማሪዎችም ነበሩ፤ ስለ ሰውየው ቁርጥራጭ መረጃም በየክፍሉ ነበር። አንዱ ክፍል የያዘውን ሌላው ስለማያውቅ ቁርጥራጩን ገጣጥሞ የሚያይ ሰው አልተገኘም።

ሚኒስትሩ ኦርቪል ፍሪማን በዚያው ዓመት የተበታተኑትን ክፍሎች አንድ ላይ ሰብስበው ኢንስፔክተር ጀነራል ሾሙ። ሹመቱ በሚኒስትሩ ሥልጣን የተሰጠ ነበር፤ ከጀርባው ሕግ የለም። በ1974 ሌላው ሚኒስትር ኧርል በትዝ ቢሮውን ለሁለት ከፍለው የኢንስፔክተር ጀነራሉን ሹመት አስቀሩት። አንዱ ሚኒስትር በትእዛዝ የሠራውን ሌላው ሚኒስትር በትእዛዝ አፈረሰው ማለት ነው፤ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ኮንግረስ ትምህርቱን የወሰደው ከዚህ ነው። በ1976 ለጤና፣ ትምህርትና ማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር በሕግ የቆመ ኢንስፔክተር ጀነራል ፈጠረ። ኦክቶበር 12 ቀን 1978 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የኢንስፔክተር ጀነራል ሕግን ፈረሙ፤ በ12 መሥሪያ ቤቶችም ቢሮው ተቋቋመ። የፍትሕ ሚኒስቴር ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ለሁለት ጌቶች መገዛት

ሕጉ ዛሬም የሚያነጋግር ውሳኔ በውስጡ አለ። ኢንስፔክተር ጀነራሉ በሚኒስትሩ "አጠቃላይ ክትትል" ሥር ነው ይላል። እዚያው ላይ ግን ሚኒስትሩ ኦዲት ወይም ምርመራ እንዳይጀመር፣ እንዳይካሄድ ወይም እንዳይጠናቀቅ መከልከል አይችልም ይላል። አለቃው ነው፣ ሥራውን ግን ማስቆም አይችልም። በተጨማሪም ቢሮው ለሚኒስትሩና ለኮንግረስ እኩል እንዲያሳውቅ ግዴታ አለበት።

ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም የሚለውን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር እንደ ሕጸጽ ሊያየው ይችላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ረቂቁን የተቃወሙት መሥሪያ ቤቶችም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ለኮንግረስ የሚናገር ሰው በጓዳችን ሊቀመጥ አይገባም አሉ። ለእኔ ግን የሕጉ ብልሃት ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ ከውጭ ቢሆን ፋይሉን በጊዜ አያገኘውም፣ የቤቱን ቋንቋና ልማድም አያውቅም። ሙሉ በሙሉ የሚኒስትሩ ሰው ቢሆን ደግሞ ያገኘው ነገር ከሚኒስትሩ ጠረጴዛ አያልፍም።

አሠራሩ በተግባር እንዲህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እስከ ኤፕሪል 30 እና እስከ ኦክቶበር 31፣ ኢንስፔክተር ጀነራሉ የግማሽ ዓመት ሪፖርቱን ለሚኒስትሩ ይሰጣል። ሚኒስትሩ በ30 ቀን ውስጥ ለኮንግረስ ማስተላለፍ አለበት። የራሱን አስተያየት አያይዞ መላክ ይችላል፤ ከሪፖርቱ አንዲት ቃል መሰረዝ ግን አይችልም። ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ "የሰባት ቀን ደብዳቤ" የሚባል መንገድ አለ፦ ኢንስፔክተር ጀነራሉ ከባድና ዓይን ያወጣ ጥፋት አይቻለሁ ብሎ ከጻፈ ሚኒስትሩ በሰባት ቀን ውስጥ ለኮንግረስ ያስተላልፋል። ደብዳቤው እምብዛም አይጻፍም፤ ሊጻፍ እንደሚችል ማወቁ ብቻ ግን ብዙ በር ያስከፍታል።

ቢሮው ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣንም አለው። ከመንግሥት ውጭ ያለን ኩባንያ ሳይቀር በማዘዣ ሰነድ አምጣ ማለት ይችላል። ሰውን ቃልህን ስጥ ብሎ ማስገደድ ግን ከጥቂቶቹ በቀር፣ ለምሳሌ ከመከላከያው በቀር፣ አይችሉም። በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለመተባበር ይገደዳል፤ ጡረታ የወጣ ወይም ሥራ የለቀቀ ግን በሩን ዘግቶ መቅረት ይችላል። ይህች ክፍተት ትንሽ ትመስላለች፤ ከታች ተመልሰን እናያታለን።

የፍትሕ ሚኒስቴር ለምን አሥር ዓመት ዘገየ?

የፍትሕ ሚኒስቴር መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። እኛ መርማሪዎችና ዐቃቤ ሕጎች ነን፤ ስለ ክሳችን፣ ስለ ምስጢራዊ ጠቋሚዎቻችን፣ ስለ ስለላ ሥራችን የሚጠይቅ ሌላ መርማሪ ቢገባ ፍትሕ ይስተጓጎላል አለ። ኮንግረስ እስከ 1988 ድረስ ይህን ተቀብሎ ቆየ። በዚያ ዓመት ሕጉ ሲሻሻል የፍትሕና የገንዘብ ሚኒስቴሮች ገቡ፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ቢሮም በ1989 ሥራ ጀመረ።

አገባቡ ግን ሙሉ አልነበረም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በመካሄድ ላይ ያለ የወንጀል ምርመራን ወይም የብሔራዊ ደኅንነት ምስጢርን የሚነካ ሥራ በጽሑፍ ማስቆም እንዲችል ሕጉ ፈቀደ፤ ሲያስቆም ግን ኮንግረስ መስማት አለበት። ዐቃቤ ሕጎች በክርክር ሥራቸው ላይ ለሚፈጽሙት የሙያ ጥፋት የሚጠየቁትም በኢንስፔክተር ጀነራሉ ዘንድ አይደለም፤ የሙያ ኃላፊነት ቢሮ በሚባል፣ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር ባለ ሌላ ክፍል ነው። ይህ ልዩነት ዛሬም እንዳለ ነው።

በዚሁ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይም፣ ለረጅም ጊዜ ራሱን በራሱ ሲመረምር ቆይቷል። ይህ የተለወጠው በ2001 ነው። ሮበርት ሃንሰን የተባለው የኤፍቢአይ ባልደረባ ለዓመታት ለሩሲያ ሲሰልል መኖሩ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ታወቀ፤ በጁላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆን አሽክሮፍት የኢንስፔክተር ጀነራሉ ሥልጣን በኤፍቢአይ ላይም እንዲደርስ አዘዙ።

በምትለጠፍ ቁራጭ ወረቀት

ሥልጣኑ ምን እንዳመጣ ለማየት የ2007 እና የ2010 ሪፖርቶች ይበቃሉ።

"የብሔራዊ ደኅንነት ደብዳቤ" የሚባል ነገር አለ። ኤፍቢአይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በራሱ ፊርማ ለስልክ ድርጅቶችና ለባንኮች የሚጽፈው ነው፤ ማን ለማን መቼ ደወለ የሚለውን መዝገብ ያስገኝለታል፣ የንግግሩን ይዘት ግን አይጨምርም። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ የወጣው ሕግ ደብዳቤውን ለመጻፍ ቀላል አደረገው። ኢንስፔክተር ጀነራሉ ባደረገው ማጣራት ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ሦስት ዓመታት ከ140,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች መቅረባቸውን አገኘ። ኤፍቢአይ ለኮንግረስ ያቀረበው ቁጥርም ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ የባሰው "የአስቸኳይ ደብዳቤ" የተባለው ነው። ከ700 በላይ ተጽፈዋል። ብዙዎቹ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፣ ማዘዣው ተጠይቋል፣ በኋላ ይመጣል ይላሉ። መርማሪዎቹ የተጠየቀውን ማዘዣ ሲፈልጉ በብዙዎቹ ላይ የተጠየቀ ነገር አልነበረም። የ2010ሩ ሪፖርት ደግሞ ወደ ክፍሉ ውስጥ ገባ። የሦስት የስልክ ድርጅቶች ሠራተኞች ከኤፍቢአይ ሠራተኞች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ጉርብትናው ሥርዓቱን በላው። ጥያቄ በቃል ይቀርባል፣ በኢሜይል ይቀርባል፣ ጠረጴዛ ላይ በምትለጠፍ ቁራጭ ወረቀት ቁጥር ተጽፎ ይሰጣል፤ የድርጅቱ ሠራተኛም መዝገቡን ገረፍ አድርጎ አይቶ አለ ወይም የለም ይላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ የመጣ ኦዲተር ማየቱ ያጠራጥራል። የተጻፈ ደንብ ቢጠይቅ የተሟላ ደንብ ያገኛል። ቁራጯ ወረቀት የምትታየው በዚያ ክፍል የሚሠሩትን አስቀምጦ አንድ በአንድ ለሚጠይቅና ኢሜይላቸውን ለሚከፍት ሰው ነው።

አንድ ሪፖርት፣ ሁለት ንባብ

በዲሴምበር 2019 የፍትሕ ሚኒስቴር ኢንስፔክተር ጀነራል ማይክል ሆሮዊትዝ ያወጡት ሪፖርት የፖለቲካ ሙቀቱ ከሁሉም የበረታ ነበር። ጥያቄው ኤፍቢአይ በ2016 በትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ዙሪያ የጀመረው የሩሲያ ምርመራ አግባብ ነበር ወይ የሚል ነው። ሪፖርቱ ምርመራውን ለመጀመር በቂ መነሻ እንደነበረና የመክፈቱ ውሳኔ በፖለቲካ ወገንተኝነት መመራቱን የሚያሳይ የሰነድም ሆነ የቃል ማስረጃ አለማግኘቱን ገለጸ። በሌላ በኩል አንድ የቀድሞ የዘመቻው አማካሪን ለመከታተል ለልዩ ፍርድ ቤት በቀረቡት ማመልከቻዎች ላይ 17 ከባድ ስሕተቶችና ግድፈቶች ዘረዘረ። አንድ የኤፍቢአይ የሕግ ባለሙያ ከሌላ የስለላ ተቋም የመጣለትን ኢሜይል፣ አማካሪው የዚያ ተቋም "ምንጭ አይደለም" የሚል ትርጉም ያላቸው ቃላት ጨምሮበት ወደ ባልደረባው አስተላልፎ ነበር፤ በ2020 ጥፋተኝነቱን አምኗል።

አንደኛው ወገን የመጀመሪያውን ግኝት ይዞ ነጻ ወጣን አለ፤ ሌላኛው ሁለተኛውን ይዞ ተረጋገጠልን አለ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊልያም ባር ደግሞ በዚያው ቀን ስለ ምርመራው መነሻ በተደረሰበት ድምዳሜ እንደማይስማሙ በይፋ ተናገሩ። እዚህ ላይ ሕጉ እንደታሰበው ሲሠራ ይታያል። የሚኒስቴሩ አለቃ ተቃወሙ፤ ሪፖርቱ ግን እንደተጻፈ ወጣ።

ብዙም ያልተወራለት ቀጣዩ ሥራ ለእኔ ከዋናው ይበልጣል። ስሕተቱ የአንድ ፖለቲካዊ ጉዳይ ነው ወይስ የአሠራር? ይህን ለመለየት ቢሮው ከፖለቲካው ጋር የማይገናኙ 29 ሌሎች የክትትል ማመልከቻዎችን መረጠ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ማመልከቻ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ፍሬ ነገር ማስረጃ የሚያያዝበት ፋይል ሊኖረው ይገባል። የ4ቱ ፋይል ጭራሽ አልተገኘም። የተገኙት 25ቱ ሲታዩ በሁሉም ላይ ስሕተት የሚመስል ወይም ማስረጃ የጎደለው ነገር ነበረ። በሽታው የአንድ ምርጫ አልነበረም።

እጁ የማይደርስበት

በጁላይ 2015 የአሜሪካ ጂምናስቲክ ፌዴሬሽን በብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም ላሪ ናሳር ላይ የቀረበን የወሲብ ጥቃት አቤቱታ ለኤፍቢአይ ኢንዲያናፖሊስ ቅርንጫፍ አሳወቀ። በሴፕቴምበር አንዲት ስፖርተኛ በስልክ ቃሏን ሰጠች። የቃሏ ማጠቃለያ ወረቀት የተጻፈው በፌብሩዋሪ 2017 ነው፤ ከአሥራ ሰባት ወር በኋላ። ኢንስፔክተር ጀነራሉ በ2021 ባወጣው ሪፖርት የፍርድ ቤት ሰነዶችን ጠቅሶ እንዳሰፈረው፣ ጉዳዩ ለኤፍቢአይ ከተነገረ በኋላ ባለፈው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ 70 ወይም ከዚያ በላይ ወጣት ስፖርተኞች ጥቃት እንደደረሰባቸው ተነግሯል።

ሪፖርቱ የቅርንጫፉ ኃላፊና አንድ መርማሪ ለኢንስፔክተር ጀነራሉ ሐሰተኛ ቃል ሰጥተዋል ብሎ ደመደመ። ኃላፊው ያን ጊዜ በአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ስላለ የሥራ ዕድል ከጂምናስቲክ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጋር ሲነጋገር እንደነበርም ጻፈ። ከዚያስ? ኃላፊው በ2018 ጡረታ ወጥቷል፤ የዲሲፕሊን ቅጣት አያገኘውም። ጉዳዩ ለክስ ለፍትሕ ሚኒስቴር ዐቃቤ ሕጎች ተመራ፤ እነሱም አንከስም አሉ። በድጋሚ ታይቶ በሜይ 2022 ውሳኔው ጸና። ሚኒስቴሩ በኤፕሪል 2024 የ139 ሰዎችን አቤቱታ ለመዝጋት 138.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ኢንስፔክተር ጀነራሎችን ጥርስ የሌላቸው የሚሏቸው ተቺዎች የሚያነሡት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ነው። ትችታቸው ሚዛን ይደፋል፤ ለተጎዱት ሪፖርት ፍርድ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ የአሥራ ሰባት ወር ዝምታ ቀን በቀን የተዘረዘረው በዚህ ሪፖርት ነው፤ ስፖርተኞቹ በሴፕቴምበር 2021 በሴኔት ቀርበው ሲመሰክሩም መነጋገሪያው ይኸው ሪፖርት ነበር። ለመርማሪው የመክሰስ ሥልጣን ይጨመርለት የሚለው ሐሳብ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። የሚመረምርም የሚከስም ከሆነ ሠራተኛ ሁሉ ጠበቃ ሳይዝ አያናግረውም፤ ስለ አሠራር ጉድለት በግልጽ የሚያወራ ሰው ይጠፋል። ይልቅ ጡረታ የወጡትን ቃል እንዲሰጡ የማስገደድ ሥልጣን ቢታከል ክፍተቱን በጣም ያጠበዋል ብዬ አምናለሁ።

"ሁሉንም ሰነድ" ሲባል ሁሉንም ነው?

የ1978ቱ ሕግ ኢንስፔክተር ጀነራሉ የመሥሪያ ቤቱን "ሁሉንም" መዝገብ ያያል ይላል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ቃሉ ግልጽ ይመስል ነበር። ከ2010 ጀምሮ ግን የኤፍቢአይ የሕግ ክፍል የስልክ ጠለፋ፣ የግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ በምስጢር የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ) እና የብድር ታሪክ መረጃዎች በሌላ ሕግ የተጠበቁ ናቸውና አስቀድመን አይተን እንፈቅዳለን ማለት ጀመረ። ተመርማሪው መርማሪው የሚያየውን ወረቀት መምረጥ ጀመረ ማለት ነው። በጁላይ 2015 የሚኒስቴሩ የሕግ ምክር ጽሕፈት ቤት በአብዛኛው የኤፍቢአይን አቋም ደገፈ። ሆሮዊትዝና የሌሎች መሥሪያ ቤቶች አቻዎቻቸው ኮንግረስን ተማጸኑ፤ በዲሴምበር 2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ማሻሻያ "ሁሉንም" ማለት ሁሉንም ነው ብሎ ክርክሩን ዘጋ። አንዲት ቃል ወደ ቦታዋ እስክትመለስ ስድስት ዓመት ፈጀ።

የ30 ቀን ማስታወቂያ

አሁን ወደ ስንብቱ እንመለስ። በሰፊው የተሳሳተው ነጥብ ይህ ነው፦ ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ኢንስፔክተር ጀነራልን እንዳያሰናብት አይከለክልም። የሚጠይቀው ለኮንግረስ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ምክንያቱን እንዲያሳውቅ ነው።

ሮናልድ ሬገን በ1981 ሥልጣን ሲይዙ ነባሮቹን ሁሉ አሰናብተው፣ ተቃውሞ ሲበረታ ጥቂቶቹን መልሰው ሾመዋል። በኤፕሪል 2020 ትራምፕ የስለላ ማኅበረሰቡን ኢንስፔክተር ጀነራል ማይክል አትኪንሰንን ሲያሰናብቱ የ30 ቀኑን ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሰውየው ግን ወዲያውኑ ወደ ዕረፍት እንዲወጡ ተደረገ። አትኪንሰን ትራምፕ ከዩክሬን ጋር ስላደረጉት ግንኙነት የቀረበውን፣ ኮንግረስ በፕሬዚዳንቱ ላይ ወደ መሠረተው የመጀመሪያ ክስ (ኢምፒችመንት) ያመራውን ጥቆማ ተአማኒ ነው ብለው ያስተላለፉት ሰው ናቸው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ወንበሩ በዚያው ምሽት ባዶ ሲሆን የ30 ቀኑ ትርጉም ምን ይሆናል? ኮንግረስ በ2022 ለዚህ መልስ ሰጠ፦ ምክንያቱ ዝርዝርና በጉዳዩ ላይ የተወሰነ መሆን አለበት፤ በዕረፍት ስም ማግለልም ማስታወቂያ ይፈልጋል አለ። የጃንዋሪ 2025ቱ ስንብት የ30 ቀን ማስታወቂያም ሆነ ዝርዝር ምክንያት አልነበረውም። ዳኛዋ ሕግ ተጥሷል ለማለት ያልተቸገሩት ለዚህ ነው። ያልመለሷቸውም በዚሁ አመክንዮ ነው፦ ዛሬ ብመልሳቸው ፕሬዚዳንቱ ነገ ማስታወቂያ ጽፎ ከ30 ቀን በኋላ ያሰናብታቸዋል አሉ።

ፕሬዚዳንቱን የሚደግፈው ወገን ክርክር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ የአስፈጻሚነትን ሥልጣን ለአንድ ሰው ነው የሰጠው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከ1926ቱ የማየርስ ውሳኔ ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ የሥራ አስፈጻሚ ባለሥልጣናትን የማሰናበት ሰፊ ሥልጣን እንዳለው ተናግሯል። በዚህ ዕይታ ሕዝብ ያልመረጠው መርማሪ ሕዝብ ከመረጠው ፕሬዚዳንት በላይ ሊጠበቅ አይገባም። ሌላኛው ወገን ደግሞ ኢንስፔክተር ጀነራል ፖሊሲ አያወጣም፣ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ከእሱ የሚፈለገው የፕሬዚዳንቱን ሐሳብ መፈጸም ሳይሆን የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ነው ይላል። ሕጉ ራሱ ሲሾሙ የፖለቲካ ወገንተኝነት እንዳይታይ፣ በሐቀኝነትና በኦዲት፣ በሕግ፣ በምርመራና በመሳሰሉት ሙያዎች በታየ ችሎታ እንዲመረጡ ያዛል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ማስታወቂያው ፕሬዚዳንቱን አያስርም፤ ምክንያቱን በአደባባይ እንዲናገር ብቻ ነው የሚያስገድደው። ምክንያት ለመናገር 30 ቀን የማይታገሥ ስንብት ምን እንደሚሸሽ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እነዚህ ቢሮዎች ራሳቸው ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የቀድሞ ተጠባባቂ ኢንስፔክተር ጀነራል የመንግሥት ሶፍትዌርና የሠራተኞች መረጃ በመስረቅ በ2022 ጥፋተኝነቱን አምኗል። ሪፖርቶች ይዘገያሉ። "ሊድን የሚችል ገንዘብ" ተብሎ በየዓመቱ የሚነገረው ትልቅ ድምርም መሥሪያ ቤቱ ምክሩን ተቀብሎ ቢሠራበት የሚገኘውን የሚጨምር ነው እንጂ ካዝና የገባ ገንዘብ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚታየው

መጀመሪያ የሚታየው በወንበሩ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ጀነራሉ ሲሄድ ኦዲተሮቹና መርማሪዎቹ አይሄዱም፤ ምክትሉ በተጠባባቂነት ይይዛል፣ የተጀመረው ሥራም ይቀጥላል። ለውጡ የሚመጣው አዲስ ሥራ ሲመረጥ ነው። ተጠባባቂ ሰው የመሥሪያ ቤቱን የጉዞ አበልና የኮምፒውተር ግዢ ለመመርመር አይፈራም፤ የሚኒስትሩን ውሳኔ የሚነካ ፋይል ለመክፈት ግን ደጋግሞ ያስባል። ያልተከፈተ ፋይል ደግሞ በየትኛውም የግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ አይታይም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በ2008 በሕግ የተቋቋመው የኢንስፔክተር ጀነራሎች የጋራ ምክር ቤት የሁሉንም ሪፖርት በአንድ ድረ ገጽ ላይ ያወጣ ነበር። በኦክቶበር 2025 የዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ የምክር ቤቱን ገንዘብ ሳይለቅ በመቅረቱ ድረ ገጹ ተዘጋ፤ ከፊሉ ገንዘብ የተለቀቀው በኋላ ነው። አንድም ሰው ሳይባረር፣ አንድም ሪፖርት ሳይሰረዝ፣ ሪፖርቶቹ የሚነበቡበት መስኮት ለሳምንታት ጨለመ።

ሦስተኛው ጠቋሚው ሠራተኛ ነው። የእስር ቤት ጠባቂ፣ የግዢ ሠራተኛ ወይም ወጣት መርማሪ ያየውን ይዞ ወደ ቢሮው የስልክ መሥመር ከመደወሉ በፊት አንድ ነገር ያሰላል፦ የምናገረውን የሚሰማው ሰው ነገ እዚያ ይኖራል? የ2010ሩን ሪፖርት የጻፉት መርማሪዎች ቁራጭ ወረቀቷን ያገኙት በዚያ ክፍል ከተቀመጡት መካከል አፋቸውን የከፈቱላቸው ሰዎች በመኖራቸው ነው።